ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መጽሔት ጽሑፍ፦ የጥናት ረቂቅን ለኅትመት ስለ ማዘጋጀት

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የመመረቂያ ጥራዛቸውን የታቀፉ ተማሪዎች በትምህርት ክፍሎች መተላለፊያዎች ሲመላለሱ ማየት የተለመደ ነው። ፈተናው ካለፈና የፈታኞች እርማት ከተካተተ በኋላ አንዱ ቅጂ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ወደ ትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ፣ አንዱም ወደ ተመራቂው ቤት ይሄዳል። ብዙዎቹ ጥናቶች ከዚያ አልፈው አይሄዱም። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚሰጠው ምክንያት የጊዜ እጥረት ነው፤ ምክንያቱም ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ጊዜ አግኝተው የሞከሩትም ቢሆኑ ረቂቃቸው ገና ለገምጋሚ ሳይደርስ ከአርታዒው ጠረጴዛ ሲመለስባቸው ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ዋናው ችግር ሥራው ከመነሻው በተሳሳተ መንገድ መታሰቡ ላይ ነው። ረቂቅ ማዘጋጀት ጥራዝ ማሳጠር ተደርጎ ይወሰዳል። መቶ ሃያው ገጽ ወደ ሃያ አምስት ይጨመቃል፤ ሁሉም ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይገኝበታል፤ በበቂ የተነገረ ግን አንዳችም አይገኝበትም።

የመመረቂያ ጽሑፍ በባሕርዩ የብቃት ማስረጃ ነው። ፈታኙ ማወቅ የሚፈልገው ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን መረዳቱን፣ ድርሳናቱን ማንበቡን፣ የናሙና አወሳሰድ ሥርዐትን ጠንቅቆ ማወቁን ነው። ስለዚህ ተማሪው ያወቀውን ሁሉ ዘርግቶ ያሳያል፤ ማድረጉም ተገቢ ነው። የመጽሔት አንባቢ ግን የጸሐፊውን ብቃት ለመመዘን አልተቀመጠም። እርሱ የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያልታወቀ ምን እንደ ታወቀ፣ ያንንም ለመቀበል የሚያበቃ ምን ማስረጃ እንደ ቀረበ ማየት ነው። አንባቢው ሲለወጥ ጽሑፉም ከሥሩ ይለወጣል።

ጉዳዩ የደረጃ ዕድገት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መወሰዱም ያሳዝናል። መጠይቅ የሞላ መምህር፣ የሥራ ሰዓቱን ሠውቶ ቃለ መጠይቅ የሰጠ ገበሬ፣ ደሟን ለምርመራ የሰጠች ነፍሰ ጡር ሴት ፈቃዳቸውን የሰጡት «ጥናቱ ለሌሎች ይጠቅማል» ተብለው ነው። በሕክምናው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የሄልሲንኪ ድንጋጌ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ለሕዝብ የማድረስ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ግዴታው የሚጠበቀው ውጤት ላልተገኘባቸው ጥናቶችም ጭምር ነው። ድንጋጌው በቀጥታ የሚመለከተው የሕክምና ጥናትን ቢሆንም ሐሳቡ በሌሎች መስኮች የሚሠራ ተመራማሪንም ሊያሳስበው ይገባል።

ታዲያ ሥራው ከየት ይጀመራል? ከምርጫ ይጀመራል። እንበልና አንድ የማስተርስ ጥናት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአማርኛ አንብቦ መረዳት ችሎታ ላይ ተሠርቷል፤ አራት ዝርዝር ዓላማዎችም አሉት። የተማሪዎቹን የችሎታ ደረጃ መለየት፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል ልዩነት መኖሩን መፈተሽ፣ የመምህራኑን የማስተማር ዘዴ መግለጽ፣ በቤት ውስጥ የማንበብ ልምድ ከችሎታ ጋር ያለውን ዝምድና መመርመር። አራቱም በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ የሚያገኘው ሁለት አንቀጽና አንድ ሠንጠረዥ ነው። ጥናቱን የሠራው ሰው ግን ከአራቱ የትኛው እንዳስገረመው ያውቃል። ምናልባት በቤት የማንበብ ልምድ ከተጠበቀው ያነሰ ዝምድና አሳይቶ ይሆናል፤ ይህም የሆነው ተማሪዎቹ በቤት የሚያነቡት ጽሑፍ በፈተና ከሚቀርብላቸው በዓይነቱ ስለሚለይ ሊሆን ይችላል። ረቂቁ መሠራት ያለበት በዚያ ላይ ነው። የመምህራኑ የማስተማር ዘዴ ራሱን የቻለ ጥያቄና በቂ መረጃ ካለው ለሌላ ጊዜ ይቆያል፤ ከሌለው ይቀራል። አንዱን ግኝት ለቁጥር ማብዣ ብቻ ከፋፍሎ በሦስት መጽሔት መላክ ግን በየትም ቦታ የሚነቀፍ ተግባር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከምርጫው ቀጥሎ የሚመጣው የክፍተቱ ጉዳይ ነው፤ በአቅራቢው ልምድ ብዙ ረቂቆች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። «በዚህ ርእሰ ጉዳይ በዚህ ወረዳ እስካሁን ጥናት አልተካሄደም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እንደ ማኅተም ይደጋገማል። ለፈታኝ ይበቃ ይሆናል። ለመጽሔት አይበቃም፤ ባልተጠኑ ወረዳዎች ሁሉ ጥናት ይካሄድ ዘንድ የሚያስገድድ ነገር የለምና። ሊባል የሚገባው ወረዳው ለጥያቄው ምን የተለየ ነገር እንደሚያበረክት ነው። በወረዳው ሁለት ቋንቋ አፋቸውን የፈቱባቸው ተማሪዎች በአንድ ክፍል የሚማሩ ከሆነ፣ ቀደም ያሉት ጥናቶች ደግሞ ይህን ሁኔታ ሳያገናዝቡ ድምዳሜ ላይ ደርሰው ከሆነ ክፍተቱ ያ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከተለየ ሠላሳ ገጽ የነበረው ክለሳ ድርሳናት በራሱ ጊዜ ወደ አራትና አምስት አንቀጽ ይወርዳል፤ ከዚያ ጥያቄ ጋር የማይነጋገር ጽሑፍ ሁሉ ቦታ አይኖረውምና።

መጽሔቱ መመረጥ ያለበትም በዚህ ጊዜ ነው፤ ረቂቁ ተጽፎ ካለቀ በኋላ አይደለም። ርዝመቱ፣ የዋቢ አጻጻፉ፣ የአኅጽሮተ ጥናቱ ቅርጽ፣ ቋንቋውም ሳይቀር በመጽሔቱ ይወሰናል። በሥነ ልሳን፣ በሥነ ጽሑፍና በባህል ጥናት ለሚሠሩ ሰዎች እንደ ዜና ልሳንና የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያሉ በአማርኛ የተጻፈ ጥናት ያተሙ መድረኮች አሉ። ስለ አማርኛ የተሠራ ጥናት በእንግሊዝኛ ካልወጣ ዋጋ የለውም የሚለው አመለካከት ለአቅራቢው አይዋጥለትም፤ አንባቢው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይቀድማል። ተስማሚ መጽሔት ለመለየት አጭሩ መንገድ በራስ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘውን መጽሔት መመልከትና ያለፉትን ሁለት ዓመታት እትሞች ማንበብ ነው።

በኢሜይል ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ጸሐፊውን «ታላቅ ሊቅ» እያለ የሚያወድስና በሳምንት ውስጥ ለማተም ቃል የሚገባ መጽሔት ሊጠረጠር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ግልጽ ስሕተት የሞላበት የፈጠራ ጥናት አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት ተደራሽ መጽሔቶች ልኮ ነበር። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ መለሱት። ውጤቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። በእንደዚህ ያለ ቦታ የወጣ ጥናት ገንዘብ ከማስከፈሉ የከፋ ጉዳት አለው፤ አንድ ጊዜ ታትሟልና ሌላ ደህና መጽሔት አይቀበለውም። የተሳታፊዎቹም ቃል አብሮ ይቀበራል። ስለ ክፍያ ከተነሣ፣ በዓለም አቀፉ ሪሰርች ፎር ላይፍ መርሐ ግብር ኢትዮጵያ ከፍተኛ ድጋፍ ከሚሰጣቸው አገሮች ምድብ ውስጥ ትገኛለች። ብዙ አሳታሚዎችም በዚህ ምድብ ካሉ አገሮች ለሚላኩ ጽሑፎች በክፍት ተደራሽ መጽሔቶቻቸው የኅትመት ክፍያን ይተዋሉ። ነገር ግን ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ መቅረብ ያለበት ረቂቁ በሚላክበት ወቅት ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «አቅም የለኝም» ማለት ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

አሁን ወደ ዘዴው ክፍል እንለፍ። ስለ ናሙና ቀመርና ስለ ስታቲስቲክስ መመሪያ መጻሕፍት በበቂ ይናገራሉ፤ የማይናገሩት ከአገራችን አኗኗር የሚመነጨውንና ገምጋሚን ግራ የሚያጋባውን ነገር ነው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። መረጃው በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተሰበሰበ ከሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2020 ነው፤ ስምንት ደምሮ 2021 ማለት ጥናቱን በአንድ ዓመት ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደመራል። አቅራቢው ራሱ በመጀመሪያ ረቂቁ ይህን ስሕተት ፈጽሞ፣ መረጃው ከሥነ ምግባር ፈቃዱ በፊት የተሰበሰበ የሚመስል ቀን ጽፎ፣ ገምጋሚው በትሕትና «ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ጠይቆታል። ፈቃድ ሳይገኝ መረጃ መሰብሰብ ከባድ ጥፋት በመሆኑ የቀን ስሕተት ወደ ሥነ ምግባር ጥርጣሬ ለመሸጋገር አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል። ሙሉ ዓመት ሲጠቀስም እንዲሁ ነው፤ የ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአውሮፓውያኑን 2019 እና 2020 ስለሚያካልል ሁለቱም ዓመታት መጻፍ አለባቸው።

ሰዓትም ያው ነው። በመጠይቁ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» የተባለው በእንግሊዝኛው ረቂቅ 8 ሰዓት ካልሆነ፣ የትራፊክ አደጋን ወይም የመድኃኒት አወሳሰድን ሰዓት የሚያጠና ሥራ ግኝቱ ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። መጠይቁን የሞሉት ሰዎች ከፊሎቹ በአንዱ፣ ከፊሎቹ በሌላው አቆጣጠር መልሰው እንደ ሆነም መጣራትና በረቂቁ ውስጥ መገለጽ አለበት። በግብርና ጥናት ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በጥናቱ አካባቢ ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ መነገር ይኖርበታል። ወረዳና ቀበሌ ለውጭ አንባቢ አንድ ጊዜ ተብራርተው በዚያው ስማቸው ቢቀጥሉ ይሻላል፤ በየገጹ አዲስ ትርጉም እየሰጡ መለዋወጥ አንባቢን ያደናግራል። በተለይ በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ጥናት ያካሄዱ ሰዎች ሊጠነቀቁ ይገባል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሆነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቀረው አካባቢ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፍሏል። መረጃው ሲሰበሰብ የነበረውን ስም ጠብቆ የዛሬውን ስም በአንድ ሐረግ ማከል በቂ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መጻፍ ግን ናሙናው የትኛውን ሕዝብ እንደሚወክል ያደበዝዛል።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ከተተረጎመ ማን እንደ ተረጎመው፣ ተመልሶ ወደ መነሻ ቋንቋው ተተርጉሞ መመሳከሩና መሞከሩ ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ከሆነ የተናጋሪው ቃል በራሱ ቋንቋ ከትርጉሙ ጋር ቢቀርብ መልካም ነው፤ አማርኛ በሰምና ወርቅም ሆነ በተረት የሚናገረው ነገር በትርጉም ብቻ ሲቀርብ ደርቆ ይቀራልና።

ስለ ውጤትና ውይይት ክፍሎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሠንጠረዥ የታየውን ቁጥር በዐረፍተ ነገር መድገም ቦታ ማባከን ነው። ውይይቱም «ይህ ከእገሌ ጥናት ጋር ይስማማል፤ ከእገሌ ጋር አይስማማም» እያለ መዘርዘሩን ትቶ ለምን እንዳልተስማማ መናገር ይኖርበታል። አኅጽሮተ ጥናት በመጨረሻ ይጻፋል፤ በውስጡ ያሉት ቁጥሮችም በጽሑፉ ካሉት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራሉ። ብዙው አንባቢ ከእርሱ በቀር ሌላ አያነብምና ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ንቀት አይገባውም።

የጸሐፊው ስም አጻጻፍ ለሌላው ዓለም ቀላል፣ ለእኛ ግን ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። በዚህ የተነሣ እንደ ባሕሩ ዘውዴ ያለ ታዋቂ የታሪክ ምሁር በአንዱ መጽሔት በ«ባሕሩ»፣ በሌላው በ«ዘውዴ» ሥር ተዘርዝሮ ይገኛል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተለመደው በራስ ስም መዘርዘር ሲሆን ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ይህንኑ ተከትሏል። ችግሩ በላቲን ፊደል አጻጻፍም ይባባሳል፤ በ«ጸ» የሚጀምር ስም አንድ ጊዜ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኤስ» ብቻ ከተጻፈ ለቋቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናትና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን የኦርኪድ መለያ ቁጥር ማውጣት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከዚህ የሚከብደው የማን ስም ይግባ የሚለው ነው፤ ጉዳዩ በተማሪና በአማካሪ መካከል በይሉኝታ ተሸፍኖ ስለሚቆይ በግልጽ መነገሩ ይበጃል። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አርታዒዎች ኮሚቴ አንድ ሰው ጸሐፊ ለመባል አራት መስፈርቶችን በአንድነት ማሟላት አለበት ይላል። በጥናቱ ውጥን፣ መረጃ አሰባሰብ ወይም ትንተና ጉልህ ድርሻ ሊኖረው፣ ረቂቁን ሊጽፍ ወይም በይዘቱ ላይ በጥልቀት ሊያርም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሊያጸድቅና ለሥራው ሁለንተና ተጠያቂነት ሊወስድ ይገባል። ገንዘብ ማስገኘት ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆን ብቻውን አያበቃም፤ ለዚህ የምስጋና ክፍል አለ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ በአብዛኛው በተማሪ የዶክትሬት ጥናት ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ተማሪው ቀዳሚ ጸሐፊ ሆኖ እንዲወጣ ያዛል። በሌላ በኩል አማካሪውን ሳያሳውቁ ረቂቅ መላክም ጥፋት ነው፤ ጥያቄውን አብሮ የቀረጸና ትንተናውን ያቃና ሰው ስሙ ሲቀር መብቱ ተነክቷል። ተማሪ «ጋሼ፣ የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል አሁን ብንወስን» ብሎ ለመጠየቅ ይቸገራል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ማንሣት ያለበት አማካሪው ነው፤ ያም ረቂቁ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በጸሐፊነት ሊመዘገብ እንደማይችል የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ተጠያቂነት ሊወስድ አይችልምና። ለቋንቋ ማረሚያ የተጠቀመበት ሰው የመጽሔቱን ደንብ አይቶ ይግለጽ።

ረቂቁ ሲላክ አብሮት የሚሄደው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የአኅጽሮተ ጥናት ቅጂ ሆኖ ይቀራል። መሆን ያለበት ግን አርታዒው ራሱ ሊጠይቅ የሚችለውን ቀድሞ መመለስ ነው። ግኝቱ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ለምን ይጠቅማል፤ ረቂቁ ሌላ ቦታ ለግምገማ አልቀረበም ወይ፤ ጥናቱ የተሠራው ለየትኛው ዲግሪ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉስ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ክምችት ላይ ይገኛል ወይ። ብዙ መጽሔቶች ይህን እንደ ቀደመ ኅትመት አይቆጥሩትም፤ ካልተነገራቸው ግን የተመሳሳይነት መመርመሪያው ከራስ ጥራዝ ጋር ከፍተኛ መመሳሰል ሲያሳይ አርታዒው ያለ ማብራሪያ ሊመልሰው ይችላል። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቁጥርና ቀን በዘዴው ክፍል ይገባል። ፈቃዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ነገር አይደለምና መረጃ ለመሰብሰብ ገና የሚሰናዳ ተማሪ ይህን አንቀጽ ዛሬ ቢያነብ ይሻለዋል።

ከገምጋሚዎች የሚመጣው አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ያበሳጫል። ደብዳቤው በደረሰበት ቀን መልስ አለመጻፍ የተሻለ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አስተያየት ተቆጥሮ ከሥሩ ምን እንደ ተለወጠና በስንተኛው ገጽ እንደ ተለወጠ ይጻፋል። ገምጋሚው ተሳስቶ ከሆነም «አልተረዳህም» ከማለት ይልቅ ያሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማቃናት ይገባል፤ እርሱን ያሳሳተ ዓረፍተ ነገር ሌላውንም አንባቢ ያሳስታልና። በጥናቱ ንድፍ ምክንያት ሊፈጸም የማይችል ጥያቄ ካለ ምክንያቱ በመልሱ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በረቂቁ ውስጥ በጥናቱ ውሱንነት ክፍልም ይስፈር። መጽሔቱ ጨርሶ አልቀበልም ካለ ደግሞ ረቂቁን ሳይነኩ በማግስቱ ለሌላ መላክ አይመከርም፤ መስኩ ጠባብ በሆነበት ዘርፍ ያው ገምጋሚ ያንኑ ረቂቅ፣ ያንኑ ስሕተት ይዞ ሊደርሰው ይችላል።